በፍልሰታ ዝናብ የጠጣው ልጄ

ፊደል ያስተማረኝ ሰው የለም። ልጆቼ ከየኔታ ዘንድ ውለው መጥተው ምድጃው ዳር ሀ ሁ ሲሉ፣ እኔ ጥጥ እየፈተልኩ እሰማ ነበር። ሲሳሳቱ አያታቸው በቁንጥጫ ያርሟቸዋል፤ እኔም ሳልቆነጠጥ አብሬ ታረምኩ። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው። አንዱን ስጀምር ሌላው ይመጣብኛል፤ ታገሱኝ።

ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት የትንሹን ልጄን ቁርባን ነው። ጊዜው ጣሊያን መቱ ላይ የነበረበት ጊዜ ነው። በቤታችን አራት ነበርን፤ እኔ፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቼና የባለቤቴ እናት። ባለቤቴን ለመንገድ ሥራ ወደ ጎሬ በኩል ወስደውት ድንጋይ ይፈልጥ ነበር። አልፎ አልፎ በመንገደኛ አፍ ደህና ነው የሚል ወሬ ይደርሰኛል፤ ያን ቀን እህል ይጥመኛል።

አማቴ ቆብ የጫኑ መነኩሲት ነበሩ፤ እኛም ጎረቤቱም እማሆይ ነው የምንላቸው። ዶሮ ሳይጮህ ተነስተው ልጆቹን በመቋሚያቸው ጫፍ ጎሸም ያደርጓቸዋል።

«ተነሱ! መላእክት ቆመው እናንተ ትተኛላችሁ?»

ትልቁ ጋቢውን እንደተከናነበ፣ «እማሆይ፣ መላእክት እኮ እንቅልፍ የላቸውም» ይላቸዋል።

«እንግዲያው አንተም ዛሬ የለህም!»

ከዚያ ሦስቱም ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ይቆማሉ። ትንሹ ቆሞ መተኛት ይችልበት ነበር። አቡነ ዘበሰማያት ተጀምሮ እስኪያልቅ ተኝቶ፣ ልክ «አሜን» ሲባል ይነቃና ከሁሉም አስበልጦ «አሜን!» ይላል። እማሆይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ይስቃሉ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻቸዋለሁ። ለልጆቹ ግን ጥርሳቸውን አያሳዩም። «ወንድ ልጅ ሲስቁለት ይቀልጣል» ይሉ ነበር።

ይሄ ትንሹ ሊሞትብኝ ነበር። በዚያው ዓመት በበልጉ ኩፍኝ ያዘውና ዓይኑን መግለጥ አቃተው። ትንፋሹ ሲቆራረጥ ሳይ ከደጅ ወጥቼ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። «እመቤቴ፣ ይህን ልጅ ካተረፍሽልኝ በፍልሰታሽ አስጾሜ አቆርብልሻለሁ» አልኩ። ልጁ ዳነ። በማግሥቱ ቂጣ ጠየቀ፤ ቂጣ ሲጠይቅ ያለቀስኩትን ያህል ሲታመም አላለቀስኩም።

እማሆይ ስለቱን ሲሰሙ፣ «ጥሩ ተስለሻል። ግን ጠንቀቅ በይ፤ አፍሽን ከፍተሽ የጠራሻትን አፍሽን ዘግተሽ አትሸኛትም» አሉኝ። የተሳሉት ካልገባ የተሰጠው ይወሰዳል ነው ነገሩ። ከዚያ ወዲህ ልጁ አንድ ጊዜ ባሳለ ቁጥር ግንባሩን እዳብሳለሁ።

ችግሩ የት እንደሚቆርብ ነበር። የእኛ ደብር ተዘግቷል። ካህናቱ ጦርነቱ ሲቃረብ የእመቤታችንን ታቦት አሽሽተው፣ በሁሩሙ መንገድ ገባ ብሎ ካለ ጫካ ውስጥ በቅጠል ጎጆ አስቀምጠዋታል። ጫካ ውስጥ ሰው ተሰበሰበ ከተባለ አርበኛ ነው ተብሎ ስለሚተኮስ፣ እዚያ የሚቀደሰው በለሆሳስ ነው። ፍልሰታ ከተጋመሰ በኋላ አንድ ዲያቆን ፍየል ፈላጊ መስሎ መጣና ለእማሆይ ነገራቸው። ስፍራው በጣሊያን ስለታወቀ ታቦቷ ነገ ሲመሽ ወደ ሩቅ አገር ትሻገራለች፤ ተመልሳ መቼ እንደምትመጣ አይታወቅም፤ የሚቆርብ ካለ ነገ ይምጣ።

እኔ ባለቤቴ በሌለበት ብቻዬን አልቆርብም። ልጆቹና እማሆይ ግን ይቆርባሉ ተባለ። የዚያን ዕለት ማታ እማሆይ ሁለቱን ፊታቸው አስቀመጡ። «ከአሁን ጀምሮ ነገ ቅዳሴ እስኪያልቅ ጠብታ ውሃ በአፋችሁ እንዳይገባ። ፊታችሁን ስትታጠቡ ከንፈራችሁን ግጠሙ። ዝንብ እንኳ ብትገባ ቀረ ማለት ነው።»

«ምራቄስ?» አለ ትንሹ።

«ምራቅህ የራስህ ነው።»

«ብዙ ቢሆንስ?»

«ዝም በል፤ ያኔ አይበዛም።»

የሄድነው ከጎረቤታችን ጋር ነው። ጨውና አቡጀዲ የምትሸጥ ሙስሊም ሴት ነበረች፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ሥጋ አብረን ባንበላም ሆዳችን አንድ ነበር። ኩፍኙ ጊዜ ትልቁን ልጄን ከልጆቿ ጋር ያከረመችልኝ እሷ ናት፤ ሲመለስ ኦሮምኛው ከአማርኛው በልጦ ነበር። የዚያን ቀን የሁሩሙ ገበያ ነውና፣ «ኬላው እኔን ያውቀኛል፤ ገበያተኛ ነን እንላለን» አለችኝ።

«እማሆይስ ገበያተኛ ይመስላሉ?»

«እሳቸውማ ለቅሶ የሚደርሱ ነው የሚመስሉት። በቅሎዬ ላይ እናስቀምጣቸውና ዝም ይበሉ፤ ወሬውን ለእኔ ተዪው።»

ኬላው ጋ ስንደርስ አንድ ነጭ ወታደርና አንድ አስተርጓሚ ቆመዋል። ወታደሩ ልጆቹን ሲያይ ፈገግ አለና ከኪሱ ካራሜላ አውጥቶ ለሁለቱም ሰጣቸው። ልጆቼ ካራሜላ ያዩት ከሩቅ ነበር እንጂ በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ያዙና ቆሙ። አስተርጓሚው ፊቱ ተለወጠ።

«ብሉ እንጂ! ምን ይገትራችኋል? መርዝ መሰላችሁ?»

እማሆይን አየኋቸው፤ በቅሎዋ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጾመው ነው ብንል፣ ቅዳሴ የት አለና ነው የሚል ጥያቄ ይመጣል። 

«ጌታዬ፣ እህታቸውን ትተው አይበሉም» አለች እትዬ። «ሕፃን ናት፤ ቤት ቀርታለች። ለእሷ ሊወስዱላት ነው።»

አስተርጓሚው ነገረው። ወታደሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የሆነ ነገር አለና ሌላ ካራሜላ ጨመረ። አለፍን። ከዓይናቸው እንደራቅን እማሆይ ከበቅሎዋ ላይ፣ «የቷ እህታቸው?» አሉ።

«የምትወለደዋ።»

«ውሸትሽን ነው!»

«እማሆይ፣ አላህ ካለ እውነት ይሆናል።»

ሆነም። ባለቤቴ ከድንጋዩ ሥራ በሰላም ተመልሶ ውሎ አድሮ ሴት ልጅ ወለድኩ። እትዬ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «እማሆይ አሉ? ውሸቴ ተወለደች ወይ?» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ይሄ ግን የኋላ ነው።

ትንሹ ካራሜላውን በጡጫው ጨብጦ ነበር የተጓዘው። ጣቶቹ ተጣብቀው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ አፉ አልወሰዳቸውም። እትዬ ከእጁ ፈልቅቃ ወስዳ ጨርቅ ውስጥ ቋጠረችለት። እኔ ከኋላ እየሄድኩ፣ እመቤቴ ይህን ያለፈ ልጅ ከእንግዲህ ምን ይነካዋል ብዬ ደስ አለኝ።

ከዋናው መንገድ ወጥተን ወደ ጫካው ስንገባ ዝናቡ ወረደ። የኢሉባቦርን የነሐሴ ዝናብ የማያውቅ ሰው ዝናብ አውቃለሁ አይበል። ዛፉ ራሱ የሚያፈስ ይመስላል። እትዬ ገበያዋን ትታ የበቅሎዋን ልጓም ይዛ እማሆይን ታሳልፋለች፤ መንገዱ ያንሸራትታል። ልጆቹ ቀድመውን ሄዱ፤ ሳቃቸው ይሰማኛል። ልጅ ሲስቅ ማን ይጠረጥራል?

ጎጆው ጋ ስንደርስ ቅዳሴው አልተጀመረም። የደብራችን ቄስ፣ አባ፣ ከቅጠሉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሰው ያናዝዛሉ፤ አንድ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ መንገዱን ያያል። ልጆቹን ነጭ ነጠላ ሳለብሳቸው ትንሹ ቀሚሴን ጎተተኝ።

«እማ፣ ዝናብ ውሃ ነው?»

ወንድሙ ቀደመኝ። «ታዲያ ምን ሊሆን ኖሯል? ማር?»

«አንተም ምላስህን አውጥተህ ነበር!»

«እኔ አወጣሁ እንጂ አልዋጥኩም! ነጠላው ላይ ጠርጌዋለሁ፤ ይኸው እይ!»

«እኔ… ዋጥኩት» አለ ትንሹ።

ከኩፍኝ ያወጣሁት ልጅ፣ የኬላውን ካራሜላ ያለፈ ልጅ፣ በዝናብ! ታቦቷ ዛሬ ልትሄድ፣ ስለቴ ሊቀር ነው። ዞሬ እማሆይን አየሁ፤ ሰማይ ምድሩን የሚያደበላልቁ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የልጁን እጅ ይዘው ቀጥ ብለው ወደ አባ ሄዱ፤ እኔ ከኋላ ተከተልኩ።

«አባ፣ ይህ ልጅ የስለት ልጅ ነው። ሲመጣ ጥቂት ዝናብ ነክቶታል። ዝናብ እንግዲህ ሰው የቀዳው አይደለም፤ ከሰማይ የወረደ ነው። ውሃ አይባልም።»

አባ ቀና ብለው አዩዋቸው። «እማሆይ፣ የምንጩስ ውሃ ከየት የመጣ ነው?»

«እሱማ… መሬት ነክቶታል» አሉ እማሆይ።

ለጠብታ ውሃ ልጅ ሲቆነጥጡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ያን ቀን ለልጁ ጠበቃ ሆነው ቆሙ። በኋላ ስንት ጊዜ ቢያስቀይሙኝም፣ ያንን እያሰብኩ ይቅር ብያቸዋለሁ።

እትዬ በቅሎዋን ዛፍ ሥር አስራ ትሰማ ኖሮ፣ «አባ፣ በእኛ ዘንድ ጾመኛ ረስቶ ከጠጣ አላህ ነው ያጠጣው ይባላል፤ ጾሙ አይፈርስም» አለች።

አባ ፈገግ አሉና ወደ ልጁ ጎንበስ አሉ። «ሰማህ? ረስተህ ነው የጠጣኸው?»

ሁላችንም አፉን አፉን አየን። አዎ በል፣ አዎ በል እላለሁ በልቤ።

«አይ፣ አልረሳሁም» አለ። «ጠምቶኝ ነው። ይጥማል ደግሞ።»

«ወይ ኢጆሌ!» አለች እትዬ፤ ልጆች ማለቷ ነው። አፏን በሻሿ ያዘች።

አባ ራሱን ዳበሱት። «ዛሬ አትቆርብም፣ ልጄ። ሄደህ ከእናትህ ጋር አስቀድስ» አሉት።

ተቀደሰ። ካህናቱ ዜማውን በጉሮሯቸው ይዘው፣ እኛ በከንፈራችን ተቀብለን። እማሆይና ትልቁ ቆረቡ። ትልቁ በወንድሙ ላይ ሊኮራ ፈልጎ ነበር፤ ግን የቆረበ ሰው አፉን በነጠላ ሸፍኖ ዝም ነው የሚለው፤ ኩራቱ እዚያው ነጠላው ውስጥ ታፍኖ ቀረ። ትንሹ ጭኔ ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። እኔም አብሬው። እመቤቴ አትውሰጅብኝ እላለሁ እንጂ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ቅዳሴው ሲያልቅ አባ ወደ ዘበኛው ሄዱ። ቅርብ ስለነበርኩ ሰማኋቸው።

«ዛሬ አንወጣም። በዚህ ዝናብ ታቦት ተሸክሞ ወንዝ መሻገር አይቻልም።»

«አባ፣ ይሄ ዝናብ እኮ እስከ መስቀል አያባራም! ይልቅ እውነቱን ይንገሩኝ።»

«እውነቱማ ነገም እንቀድሳለን።»

ዘበኛው ዞር ብሎ እኔንና ልጄን አየ። «ልጅ ዝናብ ጠጣ ተብሎ እኛ ጥይት እንጠጣ?»

«አንተስ እናት የለህም?» አሉት አባ።

ዘበኛው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ፣ በጉድጓድ ፍም የተጠበሰ ትኩስ ጎዳሬ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ መጣና ለልጄ አቀበለው። «ብላ፤ ሳይመሽ ጠጣም። ከዚያ አፍህን እንደ በር ቀርቅር» አለው። እሱም ተመልሶ መንገዱ ላይ ቆመ። እኛ በጎጆው ዳርቻ ቅጠል ተከልለን አደርን፤ እሱ ደግሞ ዝናቡ እየወረደበት ለእኛ ሲል ቆሞ አደረ። ስሙን አልጠየቅሁትም። በጸሎቴ «ያ በዝናብ የቆመው» ነው የምለው፤ እግዜር ያውቀዋል።

እትዬ ገበያው ስላለፈባት አንድም ነገር ሳትሸጥ ነው የተመለሰችው። በኬላው ብቻዋን ስታልፍ «ሌሎቹስ?» ሲሏት፣ «ሁሩሙ ዘመድ ዘንድ አደሩ» አለቻቸው። ያን ሁሉ ድካም አንድ ቀን አላነሳችብኝም።

በማግሥቱ ልጄ ሲነቃ ነጠላውን ከአፍንጫው ሥር እስከ አገጩ ሦስት አራት ዙር ጠምጥሞ አገኘሁት። የሰጋው እንቅልፉን ነው፤ አፉ እንዳይከፈትበት። ወንድሙ ሲያስቀው ዞር ይላል። እማሆይ «ደህና አደርህ?» ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል። ዝናቡ ያንኑ ያህል ይወርዳል፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ከቅጠሉ መጠለያ አልወጣም።

ቁርባኑ ደረሰ። ነጠላውን ፈታሁለትና ወደ ፊት ገፋ አደረግሁት። አባ ጎንበስ አሉ።

«ስመ ክርስትናህ ማን ነው?»

ዝም።

«ልጄ፣ ስምህን ንገረኝ።»

ልጁ ከንፈሩን ይበልጥ ገጠመ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ አፉን ግን አይከፍትም። እማሆይ ከኋላ፣ «ተናገር፣ አንተ ልጅ!» ብለው በሹክሹክታ ቢቆጡም አልሰማ አለ። ዲያቆኑ ጃንጥላውን ይዞ ሳቁን ይታገላል።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ አልከፈተውም፣ አባ» አልኩ። ስሙን እኔ ነገርኳቸው።

አባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲህ ክፈተው። አሁን የሚገባው ጌታ ራሱ ነው» አሉት።

ልጄ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ራሴን ነቀነቅሁለት። ያኔ አፉን እንደ ወፍ ጫጩት እስከ ጉሮሮው ከፈተ፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። ተቀበለ። እማሆይ እልልታቸውን በመዳፋቸው አፈኑት፤ እኔም ያን የተከፈተ አፍ እያየሁ፣ በበልጉ ቂጣ የጠየቀኝን ድምፅ እየሰማሁ፣ ከመሬቱ ላይ ተደፋሁ።