አንበሳው የሳቀበት ቅዳሜ

የካቲት ውስጥ በአንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ ዌስት አዳምስ በሚባል ሰፈር፣ በአንድ ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን ተከፈተ። የሚታየው የልጆች ካርቱን ነበር። የከፈቱት ሐዘንተኛው ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ የሐበሻ ሱቆች በተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ብዙ ተወርቷል። የከፈተው ሕፃን ልጅ ነው የሚል አለ። እኛ የካርቱኑ ሠሪዎች አስገድደናቸው ነው የሚልም አለ። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ሁለቱም ውሸት ነው።

ካርቱኑን ከሚያሳየው ቻናላችን ልጀምር። የመሠረቱት ሴት እዚሁ አጠገብ ካልቨር ሲቲ ውስጥ በአንድ የስቱዲዮ ሕንፃ ፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። በእሳቸው በር ካርቱን የሚሠሩ ሰዎች ጠዋት ይገባሉ፣ ማታ ይወጣሉ። አንድ ቀን አንዱን፣ "አማርኛ የሚናገር አትሠሩም?" ብለው ጠየቁት። ሰውዬው ስቆ የመኪናውን መስኮት ዘጋ። "እሺ፣ እኔ እሠራዋለሁ" አሉ እትዬ ለተዘጋው መስኮት። ይህን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ምስክር የለኝም። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

የመጀመሪያዎቹ እንስሳት ከካርቶን ተቆርጠው፣ በክር እየተጎተቱ፣ በስልክ የተቀረጹ ነበሩ። በአንዱ ክፍል ከአህያው ጆሮ አጠገብ የእትዬ አውራ ጣት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሴት ልጃቸው ኮሌጅ ገብታ በኮምፒውተር መሳል ስትማር አውራ ጣቱ ጠፋ። ታሪኩ ግን ያው ነው። እንስሳቱ የሚኖሩት ፌርፋክስ ላይ ነው። ጥርሱ ያለቀ አንበሳ ታክሲ ይነዳል፣ ቀበሮዋ ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት ትቆርጣለች፣ አህያው ዜና ያነባል። ቀበሮዋ እትዬ ናቸው። አህያው እኔ ነኝ፤ በአማርኛ ሬዲዮ ዜና ስሠራ ስለኖርኩ ድምፄን እንድለውጥ እንኳ አልተጠየቅሁም።

አንበሳው ጋሼ ናቸው። እዚህ አገር ከገቡ ጀምሮ ታክሲ ነድተዋል። ሳቃቸው ከሆድ ተነስቶ ደረት ላይ ትንሽ ይንገጫገጭና ይፈነዳል። ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኟቸው፣ "አንበሴ፣ ሳቅ!" ይሏቸዋል። እናቶች "አንተ አይባልም" እያሉ ይቆጣሉ። ጋሼ ይስቁላቸዋል።

የምንቀርጸው በአንድ የሐበሻ ልብስ መደብር ጓዳ ውስጥ ነው። የተሰቀሉት ቀሚሶች የመንገዱን ጫጫታ ይውጡልናል። በሩ ላይ ቅርጫት አለ፤ የሚገባ ሁሉ ስልኩን አጥፍቶ እዚያ ይጥላል። የእትዬ ሕግ ነው፤ ለማንም አይታጠፍም።

"ማን ያየዋል?" ብሎ ያልጠየቀን የለም። ልጆቹ አማርኛ አይሰሙም ተባልን። አማርኛውን ቀንሱት፣ እንግሊዝኛ ጨምሩበት ተባልን። አልቀነስንም። በመጨረሻ ቻናላችንን በኢንተርኔት የሚያስተላልፈው ድርጅት ሰው ደወለ። እትዬ ሁላችንም እንድንሰማ ስፒከር ላይ አደረጉት።

"አንድ ቅዳሜ እንኳ አዲስ ክፍል ሳታመጡ ከቀራችሁ" አለ ሰውዬው፣ "ቦታውን ለሰርግ ቪዲዮ ቻናል እሰጠዋለሁ። እሱ ተመልካች አለው።"

"እኛስ?"

"እናንተን ማን ያያችኋል?"

"እኔ አያለሁ" አሉ እትዬ። "ቅዳሜ እንገናኝ።" ስልኩን ዘጉበት።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ ዓርብ ረፋዱ ላይ፣ የጋሼ የወንድማቸው ልጅ ከአዲስ አበባ ለእትዬ ደወለች። የጋሼ ታላቅ ወንድም አርፈዋል። እትዬ ነገሩኝ። እኔም እንደ ሥራዬ ሌላ ሰው ጋ ደውዬ አረጋገጥኩ። እውነት ነበር።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። ሊነጋጋ ሲል ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በር አንኳኩቶ ነው። የማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች ለቅዳሜ ንጋት ተቀጣጠሩ። ጋሼ ግን ዓርብ ከሥራ ሲወጡ ለቀረጻ ይመጣሉ። ሥዕሉ አልቆ ድምፅ ብቻ የቀረው የቅዳሜው ክፍል ደግሞ የሚያልቀው በአንበሳው ሳቅ ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ መደብሩ ድረስ መጥተው፣ "ቀረጻውን ሰርዙት" አሉ።

"ጋሼ ለምን ተሰረዘ ቢሉኝ ምን ልበላቸው?" ብለው ጠየቁ እትዬ።

ቀረጻው አልተሰረዘም።

ማታ ጋሼ መጡ፤ ስልካቸውን አጥፍተው ቅርጫቱ ውስጥ ጣሉና አዩን።

"ምን ሆናችኋል? የሁላችሁም ፊት ጠቁሯል። አንተ ጋዜጠኛ፣ ምን ሰማህ?"

"ደክሞኛል ጋሼ" አልኩ። ይህም እውነት ነበር።

"አህያ ደከመኝ ሲል ዛሬ ገና ሰማሁ!" ብለው ጀርባዬን መቱኝ።

የራሳችንን ቃል ተናገርን። እኔ ዜናዬን አነበብኩ፣ እትዬ ቲኬታቸውን ቆረጡ። የእትዬ ልጅ የጆሮ ማዳመጫዋን አስተካከለች። "ሶ፣ ጋሼ፣ አሁን ሳቁ ብቻ ነው የቀረህ። አንድ ቴክ፣ አንዴ ብቻ፣ ኦኬ?"

ሳቁ። ልጅቷ ፊቷን ወደ ቀሚሶቹ አዞረች።

"አልወጣም መሰለኝ፤ ልድገመው" አሉ ጋሼ፤ ደገሙትም። የተላለፈው ሁለተኛው ነው።

ጋሼ ሲወጡ ቅርጫቱ ውስጥ ስልካቸው አልነበረም። እትዬ ቀደም ብለው በራሳቸው ኪስ ከትተውት ነበር። ጋሼ ቢከፍቱት ኖሮ የማያውቁት ሰው የላከው አንድ የነፍስ ይማር መልእክት ያለ ሥርዓቱ ያረዳቸው ነበር።

"አንቺ ቀበሮ፣ ስልኬ የታለ? ጠዋት ኤርፖርት ሰው አለኝ!"

"ጠዋት ቤትዎ ይዤው እመጣለሁ። ሳይወጡ እደርሳለሁ።"

"ይሄ ፓርኪንግ መሰለሽ እንዴ? ታክሲዬን ጎትተሽ መውሰድ ብቻ ነው የቀረሽ!" እየሳቁ ወጡ። ታክሲያቸውን ማታ ማታ ሌላ ሹፌር ስለሚሠራበት፣ በመኪናዬ ቤታቸው ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ ስለሚቀጥለው ክፍል አወሩ፤ አንበሳው ጥርስ ያስተክል ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። እኔ መሪዬን ይዤ አዳመጥኩ። ዜና መናገር ሙያዬ ነው። ዜና በሰዓቱ መናገርም ሙያዬ ነው። ስለዚያ ማታ ይቅርታ ጠይቅ ያሉኝ አሉ፤ አልጠየቅሁም።

ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ለሥራ ለብሰው ነበር። ሁላችንንም ደጃፋቸው ላይ ሲያዩ፣ ማንም ሳይናገር፣ "ታላቄ ነው?" አሉ። ለቅሶው ተነሳ።

ቆይተው፣ ሰው ተረጋግቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ ወደ እትዬ ዞሩ።

"ማታ ታውቁ ነበር?"

"እናውቅ ነበር።"

"ስስቅም?"

"ሲስቁም።"

ጋሼ ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉ። መደብሩ ድረስ መጥተው የነበሩት ሽማግሌ ግን ተነሱ። "ያ ካርቱን ዛሬ አይተላለፍም። የሐዘንተኛ ሳቅ በአየር ላይ! ነውር ነው። አስቁሙት።"

"ድምፁ የጋሼ ነው" አሉ እትዬ። "አይተላለፍ ካሉኝ አሁኑኑ ደውዬ አስቆመዋለሁ። እርስዎ ግን አያዙኝም።"

ስለ ሰርግ ቪዲዮው ቃል አልተነፈሱም። ማንሳትም አላስፈለጋቸውም፤ ያ ሰውዬ ስፒከር ላይ ሲናገር ጋሼ አብረውን ነበሩ። ዛሬ ካልተላለፈ ቻናሉ እንደሚያበቃ ያውቃሉ። እትዬ ለመደወል የራሳቸውን ስልክ በእጃቸው ይዘው ጠበቁ። በጠዋት ልጅ የሚጠብቅላቸው ሰው ያጡ እናቶች ያመጧቸው ልጆች ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል፤ ዝም በሉ ተብለው ዝም ብለዋል።

ጋሼ ልጆቹን አዩ።

"ሪሞቱን ስጡኝ" አሉ።

"ኧረ ጋሼ፣ ሰው ምን ይላል?" አለች አንዷ ጎረቤት።

"ሰው የፈለገውን ይበል። ወንድሜን ስቄ አልገደልኩትም። እሱም በሕይወቱ አንድ ቀን ዝም በል ብሎኝ አያውቅም፤ ዛሬ ማን ነው ዝም የሚያሰኘኝ?"

ቴሌቪዥኑን ከፈቱት። ሽማግሌው ወጥተው በረንዳው ላይ ቆሙ። አህያው ዜናውን አነበበ፣ ቀበሮዋ ቲኬት ቆረጠች። መጨረሻ ላይ አንበሳው ሳቀ፤ ልጆቹም ሳቁ። አንዲት ትንሽ ልጅ አንዴ ስክሪኑን አንዴ ጋሼን እያየች፣ "አንበሴ፣ ለምን ታለቅሳለህ?" አለቻቸው። እናቷ አፏን ልትይዝ ስትል ጋሼ ከለከሉ።

"ወንድሜ ሞቶ ነው" አሏት።

ክፍሉ እስከ መጨረሻው ተላለፈ። ቴሌቪዥኑን ያጠፉትም ራሳቸው ናቸው። ሽማግሌው ከበረንዳ ተመልሰው አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ለቅሶው ቀጠለ። እትዬም ለጋሼ ስልካቸውን መለሱላቸው።

በሚቀጥለው ዓርብ ጋሼ ጥቁር ለብሰው መደብሩ መጡ፣ ስልካቸውን አጥፍተው ቅርጫቱ ውስጥ ጣሉ።