ትርፍ ያለቀበት ቀሚስ

የሰፈሩ ሰው «ሜትሯ» ይላታል። ሜትር ከአንገቷ የማይወርድ ልብስ ሰፊ ናት፤ አውቶቡስ ሾፌር የሆነው ባሏ እንደሚያወራው ከሆነ አንድ ቀን እንዳንጠለጠለችው ሻወር ገብታለች። ይህ እንኳን ትንሽ ጨመር ተደርጎበታል። ሰው ገና በር ላይ ሲቆም ወገቡን በዓይኗ ለክታ እንደምትጨርስ ግን እውነት ነው።

የሳተችው የራሷን ነው። ሌላ ሴት ብትሆን ዚፑ አልዘጋ ሲላት «ምን ሆኛለሁ?» ትል ነበር። ሜትሯ ግን ልብስ ጠቧት አያውቅም። ወገቧን ያዝ ካደረጋት የቀሚሱን ጎን ተርትራ፣ ግማሽ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ለቃ መልሳ ትሰፋዋለች፤ አምስት ደቂቃም አይፈጅባት። ወፍሬ ነው እያለች ወራት ለቀቀች። እንዲህ አንድም ቀን ሳይጨንቃት ሆዷ አደገ። ሥራዋ ራሱ ሸወዳት ማለት ይቻላል።

ሐኪም ቤት የወሰዳት የጎን ውጋት ነው። ዶክተሯ በአልትራሳውንድ አይታ፣ በግራ በኩል ያለው የእንቁላል ማምረቻዋ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት እንዳለ ነገረቻት። ሰባት ሳንቲ ሜትር ነበር። አንዳንዱ በራሱ ስለሚጠፋ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሽ ተባለች። ስትመለስ አሥራ አንድ ሆኖ ጠበቃት።

«በምርመራው ክፉ ነገር አይመስልም» አለች ዶክተሯ። «በራሱ ግን አይጠፋም። ኦፕራሲዮን ብትሆኚ ይሻላል። ከረጢቱን ብቻ ለይቼ ለማውጣት እሞክራለሁ፤ አልላቀቅ ካለኝ ግን ማምረቻውም አብሮ ይወጣል። ከፍቼ ሳላይ ቃል አልገባልሽም።»

«ብተወውስ?»

«የሚያስገድድሽ የለም። ግን በዚህ ክብደቱ አንድ ቀን ከተጠማዘዘ ደም ያጥረዋል። ያኔ በሩጫ ነው የምትመጪው፤ ማምረቻውንም ላላተርፈው እችላለሁ። የቀኙ ጤነኛ ነው። በአንዱም ይወለዳል።»

ከዚህ ሁሉ ጆሮዋ ውስጥ የቀረው «አብሮ ይወጣል» የሚለው ብቻ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ካገባች አራት ዓመት ሆናት፤ ልጅ የለም። ካሏት ከሁለቱ አንዱን በገዛ ፊርማዋ አሳልፋ መስጠት አልዋጥ አላት። «አስቤበት ልምጣ» ብላ ወጣች። ሱቋ ገብታ ሜትሩን ዘረጋችና አሥራ አንድ ላይ በጣቷ ያዘችው። የአራስ ልጅ ሸሚዝ እጅጌ ቁመት ነው። ለሰው ስንቱን ሰፍታለች።

ለባሏ ትንፍሽ አላለችም። የልጅ ነገር ሲነሳ እሱም ዝም፣ እሷም ዝም ነው፤ በዚያ ላይ ይህን መጨመር ከበዳት። ሰበብ ደግሞ አላጣችም። አንዴ የተማሪ ዩኒፎርም ደረሰባት፣ አንዴ የሚዜ ልብስ፣ ደግሞ የስፌት መኪናዋ ቀበቶ ተበጠሰ። የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሱቋ ውስጥ ልብስ ለሚተኩሱት፣ በዚሁ የተነሳ «ጋሽ ካውያ» ለሚባሉት ሽማግሌ።

«ትንሽ ይቆይ ብል ምን ይመስልዎታል፣ ጋሼ?»

«እኔ የማውቀው ሸሚዝ መተኮስ ነው» አሉ ካውያቸውን ሳያቆሙ። «ስለ ሆድ ዶክተሯን ስሚ። ለባልሽ አለመንገርሽ ግን ጥሩ አይደለም። ደግ ሰው ነው፤ አታሞኚው።»

በባሏ የእረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት ቁጭ ብላ ሰማያዊ ቀሚሷን ተረተረች። ስትተረትረው ለሰባተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ስፌቱን ከፍታ ስታይ ትርፍ የሚባል ነገር የለም፤ የጨርቁ ጠርዝ ላይ ደርሳለች። እጅ አልሰጥ ብላ ከዚያው ጨርቅ ከተረፈው ላይ በሁለቱ ጎን የሚገቡ ሁለት ቁራጮች መቁረጥ ጀመረች። ባሏ ከበሩ ተደግፎ ሲያያት ቆየና ፈገግ አለ።

«አሁንስ አትነግሪኝም?»

«ምኑን?»

«ቀሚስሽን ስትለቂ ስንቴ አየሁሽ። እስኪረጋገጥ ብላ ነው እያልኩ አፌን ይዤ ስጠብቅ ከረምኩ።»

ክው አለች። ስትፈራው የከረመችው ሌላ ነገር ነበር፤ አርግዛለች ብሎ ይጠብቃል ብላ ግን ጨርሶ አላሰበችም። አንጀቷን በላት። መቀሱን አስቀምጣ፣ ቆም ካለች ድፍረቱ ይጠፋባታል ብላ የፈራች ይመስል፣ ከመጀመሪያው ውጋት እስከ አሥራ አንዱ ሳንቲ ሜትር ድረስ ሳታቋርጥ ነገረችው። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሌላኛው ጤነኛ ነው አለች?»

«ጤነኛ ነው አለች።»

«ይሄኛው ቢጠማዘዝስ?»

«በሩጫ ነው የምትመጪው ነው ያለችኝ።»

«እኔ ደግሞ ያን ሰዓት ሰባ ሰው ጭኜ መንገድ ላይ ነኝ» አለ። ፊቱን በመዳፉ አበሰ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

የቀሚሱን ጠርዝ በጣቷ አሻሸች።

«ፈርቻለሁ» አለች። «ግን ኦፕራሲዮኑን እሆናለሁ። ሳልሮጥ፣ በእግሬ ሄጄ። ሐሙስ እፈርማለሁ።»

«ፈረቃዬን እቀይራለሁ።»

ቀሚሱን አጣጠፈች። «ሲያልፍ መልሼ አጠብበዋለሁ» አለችና ሁለቱን ቁራጮች ጠቅልላ ወደ ቆሻሻው ልትጥል ስትል እጇን ያዛት። ቁራጮቹን ተቀበላት። ጨርቅ ማጠፍ በማያውቅ እጁ አጠፋቸውና የስፌት መኪናውን መሳቢያ ከፍቶ ክሮቹ መሃል አስቀመጣቸው።

«ይቀመጡ» አለ። «አንድ ቀን ይፈለጋሉ።»

ዶክተሯ ቃል አልገባችልኝም ልትለው አሰበች፤ ግን ቀድማ ነግራዋለች፣ እሱም ሰምቷል፤ ተወችው። መሳቢያውን የዘጋችው እሷ ናት።