ሞተር የሌላት ጄት

ቅዳሜ ጠዋት ታላቅ ወንድሜ የጄቷን አፍንጫ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውል ነበር። ጄት ስል የእውነት ጄት ማለቴ ነው፤ ድሮ ወታደሮች መብረር የተማሩባት፣ ሁለት ሰው የምትይዝ። አገር ቤት እያለ የእሷን ዓይነት ይጠግን ነበር። እዚህ ሚኒሶታ አንድ ገበሬ ሞቶ ዕቃው በጨረታ ሲሸጥ፣ የበረዶ መጥረጊያ ማሽን ሊገዛ ሄዶ እሷን ገዝቶ መጣ። ሞተር የላትም። እሱም የማብረር ፈቃድ የለውም።

«ጋሼ፣ ምን ትሠራልሃለች?» ብዬው ነበር ያኔ።

«አንተስ ምን ትሠራልኛለህ?» አለኝ።

ከከተማው በስተሰሜን፣ በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ ሃንጋር፣ የአውሮፕላን ማቆሚያ መጋዘን፣ ተከራይቶ አቆማት። ጎማዎቿ አንድ ቦታ ቆመው እንዳይበላሹ በየቅዳሜው ጎማው ግማሽ ዙር እስኪዞር እንገፋታለን። አንድ ቅዳሜ ወደ ፊት፣ አንድ ቅዳሜ ወደ ኋላ። ሦስት ዓመት እንዲህ አደረግን።

ያን ቅዳሜ ግን አልገፋናትም። ተጣላን። ሃንጋሩ ሊፈርስ ስለሆነ እሑድ እኩለ ቀን ሳይሞላ ለማን እንደምንሰጣት መናገር ነበረብን። ፈላጊዎቹ ሁለት ናቸው። ኢገን ከተማ ያለ ጎማ ሻጭ ሱቁ ፊት ለፊት ምሰሶ ላይ ሊሰቅላት ይፈልጋል። ሴንት ፖል ያለ የአውሮፕላን መካኒክ ትምህርት ቤት ደግሞ ለተማሪዎች መለማመጃ ይፈልጋታል።

«ለጎማ ሻጩ» አልኩ። «ሰው ሁሉ ያያታል።»

«ምሰሶ ላይ ወጥታ ጎማዋን ማን ያዞርላታል?»

«ለትምህርት ቤቱ ስጣታ!»

«እነሱ ደግሞ ይበትኗታል።» ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ወረወረው። «ነገ ከቸርች መልስ እንወስናለን። አሁን ሥራ አለብኝ።»

ፍሪድሊ ከተማ ውስጥ ወደሚሠራበት የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ ሄደ። እኔ በራሴ መኪና ወደ ቤት ገባሁ። ደህና ዋልም አላልኩትም።

አመሻሽ ላይ ከቸርች አንዲት እናት ምግብ ይዘው መጡ። ወንድሜ ትንሽ አሞት ሐኪም ቤት እንደሚያድር ነገሩኝ። ልደውል ስል «ቻርጅ ላድርግልህ» ብለው ስልኬን ወሰዱ። ከዚያ ሶፋው ላይ ተኙ። ሰው ሶፋችን ላይ አድሮ አያውቅም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ ጎማዎቹ ነው። ጋሼ ከሐኪም ቤት ሲወጣ ተገፍታ ቢያገኛት ይታረቀኛል ብዬ።

ሲነጋጋ እሳቸውን ሳልቀሰቅስ ወደ ሃንጋሩ ሄድኩ። መርዶ ነጋሪዎቹ ቤት ሲደርሱ አላገኙኝም። ሊደውሉልኝም አልቻሉም፤ ስልኬ ያለው እናትየው ቦርሳ ውስጥ ነው።

ብቻዬን ብገፋት አልነቃነቅ አለች። ደክሞኝ በመሰላሉ ወጣሁና የአብራሪው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ድሮ አደጋ ሲመጣ በባሩድ ኃይል አብራሪውን ወደ ሰማይ የሚያስፈነጥር ወንበር ነበር። ባሩዱ ከወጣ ስንት ዘመኑ። ወንድሜ ለቸርቹ ሰው ሁሉ ስለ ወንበሩ አውርቷል፤ ባሩዱ መውጣቱን ግን አልነገራቸውም።

የት እንደምገኝ ገምተው ኖሯል፣ ደጅ አምስት መኪና ተከታትሎ ቆመ። ወደ አሥራ አምስት ሰው፣ ከወፍራም ካፖርት በላይ ነጠላ ያጣፉ፣ በበሩ ገቡ። የቸርቹ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝና ደነገጡ።

«ልጄ፣ ምንም ሳትነካ ውረድ!»

«ለምን?»

«ቁጭ ብለን የምንነጋገረው ነገር አለ።»

«ቁጭ ብያለሁ እኮ።»

«እዚያ ላይ አይሆንም!»

«አባባ፣ እንዳይነግሩት! ደንግጦ አንዱን ነገር ቢጫነው ጣሪያውን ይዞት ይሄዳል!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

ትናንት ሶፋችን ላይ የተኙትን እናት አየኋቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ያኔ ገባኝ።

«መቼ?» አልኩ።

ሽማግሌው መሰላሉን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ትናንት ከሰዓት። ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ። ጌታ ወሰደው፣ ልጄ።»

አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። ወንበሩ ባሩድ የለውም አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ወርጄ መሬት እስክረግጥ ማንም አልቀረበኝም። ከዚያ ሁሉም ባንዴ አቀፉኝ።

«ምን እናድርግልህ?» አሉ ሽማግሌው።

«ግማሽ ዙር ግፉልኝ።»

ተያዩ። ምን ማለቴ እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ከክንፎቹ ኋላ ተሰለፉ። ችግሩ እኛ ሁለት ነበርን፤ እነሱ አሥራ አምስት ናቸው። እያለቀሱ ገፉ። «በቃ! በቃ!» ብዬ ጮህኩ፤ ለቅሶ መሰላቸው። ጄቷ ግማሽ ዙሩን አለፈች፣ በሩን አለፈች፣ ደጅ በረዶው ላይ ወጥታ ቆመች። ሦስት ዓመት ሙሉ ውጭ አይቻት አላውቅም ነበር። ሳቄ መጣ። እንባዬም የመጣው ያኔ ነው።

ስልኬን ከእናትየው ተቀብዬ ለትምህርት ቤቱ መምህር ደወልኩ።

«ውሰዷት» አልኩት። «ግን ስትበትኗት መልሳችሁ ግጠሟት።»

«ሥራችን እሱ ነው» አለ። «ጎማዎቿ ይዞራሉ?»

ከበረዶው እስከ ሃንጋሩ በር ያለውን የጎማዎቿን መስመር አየሁት።

«ይዞራሉ» አልኩት።