የጎረቤት ቻናል

ሃብተአብ ቴሌቪዥን እንጂ ሪሞት ኖሮት አያውቅም። ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ ተጠጋግተው ከቆሙት የቀበሌ ቤቶች በአንዱ፣ ከባልና ሚስቱ ከኢዘዲንና ከረውዳ ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ተጋርቶ ሲኖር፣ ማታ ማታ የሚያየውን የሚመርጡለት እነሱ ነበሩ። ዲሹ የእነሱ፣ ሪሲቨሩም የእነሱ ነው። ከሪሲቨሩ የወጣች አንዲት ጥቁር ሽቦ ከኮርኒሱ ሥር ግድግዳውን አልፋ የእሱ ቴሌቪዥን ጀርባ ላይ ትሰካለች። እነሱ ዜና ካሉ ዜና ነው፤ ኳስ ካሉ ኳስ ነው። ረውዳ ሪሞቱን ስትጫን የእሱም ቤት ብርሃን አብሮ ይለወጣል።

ሽቦውን የሳበለት ኢዘዲን ነው። ኢዘዲን ሰንጋ ተራ አካባቢ ጫማ የሚሸጥ፣ ቀልድ ከአፉ የማይጠፋ የስልጤ ሰው ነው።

«ጋሽ ሃብቴ፣ ያ ባለ አንቴናው ቴሌቪዥንህ እኮ ሁለት ዜና አንብቦ ይተኛል። እኛ ቤት የዓለም ሰው ሁሉ ሲያወራ ነው የሚያድረው። መስመር ልሳብልህ?»

«ኧረ ምን አስቸገራችሁ…»

«ምን ታስቸግረናለህ? ስዕል እንደሆነ ለሁለት ቤት ሲካፈል አይቀንስ! እንጀራ መሰለህ እንዴ?»

እንዲህ ተብሎ ተሳበ። ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ፣ ሂክማ የምትባል ልጃቸው ተወልዳ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ሽቦዋ እዚያው ነበረች።

ሃብተአብ መስቀል ፍላወር አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ልብስ ተኳሽ ነው። ቀኑን ሙሉ የማያውቃቸውን ሰዎች ሸሚዝ ያቃናል፤ አንገትጌውን፣ እጅጌውን፣ የደረቱን ኪስ። ሰዎቹን ግን አያያቸውም። ኢዘዲን «ጠመንጃ የሌለው ተኳሽ» እያለ ይተርበዋል። ማታ ሲመለስ ጫማውን ያወልቅና ዳቦውን በሻይ እያራሰ፣ ግድግዳው ማዶ ያሉ እጆች የመረጡለትን ያያል።

የሚያየው ግን ፕሮግራሙን ብቻ አልነበረም። ቻናሎቹ ተቻኩለው፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ከመጣ፣ ሪሞቱ ሂክማ እጅ ገብቷል ማለት ነው። ማስታወቂያው ሁሉ ሳይቀየር እያለቀ ሌላ ማስታወቂያ ከተተካ ኢዘዲንን እንቅልፍ ጥሎታል። ድምፁ ድንገት ዝቅ ካለ እንግዳ መጥቷል። ባልና ሚስቱ የተኳረፉ ዕለት ስዕሉ ከዜና ወደ ድራማ፣ ከድራማ ወደ ዜና ሲወረወር ያመሻል። በስተመጨረሻ አንዱ ላይ አርፎ ሲቆይ፣ ሃብተአብ ለብቻው «እሰይ» ይላል።

በረመዳን አመሻሹ ላይ የመካ ሰጋጆች ነጭ ለብሰው ያንን ጠባብ ክፍል ይሞሉታል። እሱም፣ የአዲግራት ልጅ፣ የቂርቆስ ተሳላሚ፣ የማፍጠሪያው አዛን እስኪሰማ ድረስ ዳቦውን አይቆርስም። ለምን እንደሆነ ራሱን ጠይቆ አያውቅም። የገና ዕለት ደግሞ ማለዳ ቴሌቪዥኑን ሲከፍት ቅዳሴው ይጠብቀዋል። እዚያ ማዶ አንድ ሰው ለእሱ ብሎ ተነሥቶ ቀይሮለታል። አንድ ገና አመሰግናለሁ ሊል በራቸው ድረስ ሄደ። ደጃፉ ላይ የተደረደሩትን ሦስት ጥንድ ጫማዎች አይቶ፣ ሳያንኳኳ ተመለሰ።

ና ግባ ሳይሉት ቀርተው አይደለም። ያ ቤት ከእነሱ በፊት የእጮኛው የብርኽቲ ወላጆች ቤት ነበር። ያ የድንበር ጦርነት በሁለት ወንድማማች አገሮች መሃል ሲነሣ፣ ብርኽቲ ከእናት ከአባቷ ጋር አውቶቡስ ተሳፍራ ድንበር ተሻገረች። ቤቱ ተቆልፎ ከረመ። ሃብተአብ ከዚያ ወዲህ የማንንም ደፍ መርገጥ ይፈራል። ሰው በለመደው ማግሥት የሚሄድበት ይመስለዋል። ካውያው እስኪግል ሲጠብቅ፣ ከእንፋሎቱ ጋር ቀስ ብሎ የሚያንጎራጉራት አለችው፦

መሃል ሰፈር ሆኜ ጎረቤት የለኝም፣
ና ግባ ይሉኛል፣ እግሬ አይሄድልኝም።

ታዲያ ሽቦዋ ለእንዲህ ዓይነት ሰው የተሠራች ነበረች። በር አታንኳኳ፣ ደፍ አትረግጥ፤ ግን ታስገባዋለች።

አንድ ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ካለችው ቧንቧ ውኃ ሊቀዳ ሲወጣ ረውዳ ጀሪካኗን ጥላ ወደ እሱ ሮጠች።

«ጋሼ! ወጣልን!»

«ምኑ?»

«ዕጣው ነዋ! ኮንዶሚኒየም! የካ አባዶ፣ ሁለት መኝታ! ሂክማ የራሷ ክፍል ሊኖራት ነው፣ ይገርምዎታል፣ እስካሁን ስትጨፍር ነው የዋለችው።»

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ ሃብተአብ። ከልቡ ነበር። ግን ባልዲው ሞልቶ ውኃው እግሩ ላይ ሲፈስ አልታወቀውም።

«ጋሼ፣ ውኃው!»

«ሞላ እንዴ? እሺ… እሺ።»

ከዚያ በኋላ ግድግዳው ማዶ ዕቃ ሲጎተት፣ ምስማር ሲነቀል፣ ካርቶን ሲታሰር ይሰማ ጀመር። ኢዘዲን በሩ ላይ መጥቶ ነገረው፤ «ዲሹን ትቼልሃለሁ ጋሽ ሃብቴ። እዚያ ሌላ እንተክላለን። አንተ ሪሲቨር ብቻ ግዛ፣ በቃ፣ ጌታ ነህ! ከእንግዲህ የሚስቴ ድራማ አያስለቅስህም።»

ሃብተአብ ሳቀ። የረውዳ ድራማ መቅረቱን ሲያስበው ግን ሳቁን አቋረጠ። የድራማው ባለታሪክ ሰልማ የምትባል የኢስታንቡል ልጅ ናት፤ በአማርኛ ነው የምታወራው። ልትዳር ደርሳለች። የእነሰልማ ግቢ አትክልተኛ የወለዳት አባቷ እንደሆነ ከእሷ በቀር ተመልካች ሁሉ ያውቃል። ረውዳ በግድግዳው በኩል «ንገራት እንጂ አንተ ሰውዬ!» እያለች ስትጮህ፣ ሃብተአብም እዚህ ወዲህ ራሱን ይነቀንቃል።

በመጨረሻው ምሽት ሁሉ ነገር ታስሮ ቴሌቪዥኑ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ስዕሉ ከቻናል ቻናል አለፈ፤ እንደ ሂክማ አልተቻኮለም፣ እንደ ኢዘዲንም አልቆመም። ሃብተአብ የማን እጅ እንደሆነ መለየት አቃተው። በዚህ መሃል ግድግዳው ተንኳኳ።

«ጋሼ ሃብተአብ!» ረውዳ ናት። «ዛሬ የእርስዎ ተራ ነው! ምን እናድርግልዎ?»

ይኸው፤ ስንት ዘመን ሙሉ ሲመርጡለት ለኖሩ ሰዎች አንድ ነገር እንዲመርጥ ተጠየቀ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሊል የፈለገው «አትሂዱ» ነበር፤ ግን እንደዚያ የሚባል ቻናል የለም።

«ደስ ያላችሁን» አለ።

«እንደሱማ አይሆንም! ይምረጡ!» ሂክማ ነበረች።

«እናንተ ያያችሁትን… እኔ በሁሉም ደስ ይለኛል።»

ከዚያ አንድ የአረብ ዘፋኝ መጣ፣ ቆየ፣ ሄደ። በማግሥቱ አይሱዙው ዕቃቸውን ጭኖ ሲወጣ ሃብተአብ ሥራ ላይ ነበር። ፈቃድ መጠየቅ ይችል ነበር፤ አልጠየቀም። የአውቶቡስ መሄድ አንዴ አይቷል።

ማታ ቴሌቪዥኑን ሲከፍት ሰማያዊ ብቻ ሆነ። ሰማያዊው ግድግዳውን፣ አልጋውን፣ የሻይ ብርጭቆውን ቀባው። ከማዶ ሳል የለም፣ ኩርፊያ የለም፣ የሚወድቅ ማንኪያ እንኳን የለም። ሃብተአብ እንዲህ ሆኖ ሲቀመጥ፣ ከየት እንደመጣች የማያውቃት ግጥም አፉ ላይ መጣች፦

ቤቱ ቤት አይደለም ድምፅ ካልገባበት፣
ሰው የሌለው መብራት ጨለማ አለበት።

እሑድ ወሎ ሰፈር ሄደ። የዲሽ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ሊካሳ የሚባል፣ ፀጉሩን ወደ ላይ ያቆመ ወጣት ተቀበለው።

«ፋዘር፣ ሪሲቨር? በየዓይነቱ አለ። ይሄ ኤችዲ ነው፣ አሪፍ ጥራት። ይሄኛው በዋይፋይ ዩቲዩብ ያስገባል፣ ቤት ኢንተርኔት ካለዎት ማለቴ ነው። ያ ደግሞ በየወሩ እየተከፈለ ካርድ የሚሞላ ነው፤ የአውሮፓ ኳስ ለሚወድ። እርስዎ ምንድን ነው የሚያዩት?»

ሃብተአብ ዕቃዎቹን ተራ በተራ አየ።

«ማለቴ ዕቃው የሚመረጠው በሚያዩት ነው፣ በቃ። ኳስ? ፊልም? መዝሙር?»

«ጎረቤቶቼ የሚያዩትን።»

ሊካሳ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «እሺ፣ ጎረቤቶችዎ ምን ያያሉ?»

«ጠዋት ሂክማ ካርቱን ታያለች፤ የዝንጀሮዋን። ዩኒፎርሟን እየለበሰች ስለሆነ አትጨርሰውም። ኢዘዲን ኳስ ይወዳል፣ ግን ቡድኑ ሲሸነፍ ወደ አረብ ዜና ነው የሚሸሸው። ረውዳ ድራማዋን… ድራማው ሲያልቅ ወዲያው አትቀይረውም። ስም ዝርዝሩ እስኪያልፍ ትተወዋለች። እያለቀሰች ይመስለኛል።» እዚህ ሲደርስ ሃብተአብ ድምፁ እንደተለወጠ ሰማ። ስለ ቻናል ተጠይቆ ስለ ሰው እየመለሰ ነበር። «ሄደዋል» አለ ከዚያ። «ዲሹን ትተውልኛል።»

ወጣቱ ከዚያ ወዲያ አልሳቀም። ከመደርደሪያው ሥር ተራውን ሪሲቨር አውጥቶ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ። «ይሄ ይበቃዎታል፣ አባቴ። ሌላውን ለማያዩት ነገር ነው የሚገዙት። ዲሹ ካልተነካ፣ እነሱ ያገኙት የነበረው ሁሉ እዚህም ይገባል።» «ፋዘር» ማለቱን ትቶ «አባቴ» ነበር ያለው።

ገባም። በዚያው ማታ ሃብተአብ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሪሞት ጨብጦ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቻናሉ እንደ ባቡር ፉርጎ ተከታትሎ ያልፋል፤ ምግብ የሚያበስሉ፣ የሚጨቃጨቁ፣ የሚሰብኩ፣ ምንጣፍ የሚሸጡ። ሁሉም ያወሩታል፣ ማንም አያውቀውም። አንዱን በያዘ ቁጥር ጣቱ ያመነታል። ይህን ማን ነው የመረጠው? እኔ። ለማን? ሪሞቱን አስቀመጠና ስልኩን አነሣ።

የኢዘዲንን ቁጥር ካስገባ ሰንብቷል፤ ደውሎበት ግን አያውቅም። ምን ብዬ? ዕቃ ረስታችኋል ልበል? የረሱት ዕቃ የለም። በሰላም ገባችሁ ወይ? ይሄ ጥሩ ነው፤ ግን ሳምንት አለፈው። ረስተውኝስ እንደሆነ? ማነህ ካሉኝስ? ስልኩን አስቀመጠ። አነሣው። እንደ ሰው በር ከበደው፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ተጫነው።

«ሄሎ?» ረውዳ ናት።

«እ… ሃብተአብ ነኝ። ያው… ካዛንቺስ።»

«ጋሼ!!» ስልኩ ውስጥ ጫጫታ ሆነ። «ኢዙ፣ ጋሼ ሃብተአብ ናቸው! ምነው እንዲህ ጠፉ? እኛማ እሳቸው ተገላገሉን እያልን ነው!»

«ኧረ ምን በወጣኝ!» ካሰበው በላይ ጮኾ ወጣ። ከዚያ አፉ ላይ የመጣለትን ጠየቀ፤ «ምን… ምን እያያችሁ ነው?»

«ምን እናያለን! ቴሌቪዥኑ እንደታሰረ ነው። ዲሽ ተካዩ ነገ ነገ እያለ ይኸው ሳምንታችን። ግድግዳ ነው የምናየው!»

«አዲስ ግድግዳ ነው ጋሽ ሃብቴ፣ ቀለሙ ያምራል!» ኢዘዲን ከኋላ ጮኸ።

«ቆይ፣ እርስዎ ገዙ እንዴ? ይሠራል?» የረውዳ ድምፅ ተለወጠ። «ሰልማ! በአላህ ጋሼ፣ ሰልማ እንዴት ሆነች? ነገራት?»

ሃብተአብ ሰልማን ከእነሱ መሄድ በኋላ አላያትም ነበር። ለብቻው ምን ታደርግለታለች? ሪሞቱን አነሣ፤ አለፈ፣ ተመለሰ፣ አገኛት። ያ የለመደው ሙዚቃ ገና እየጀመረ ነበር።

«አሁን… አሁን ሊጀምር ነው።»

«ይንገሩን! ላውድ ላይ አድርጌዋለሁ። ሂክማ፣ ነይ!»

«እኔ እንኳን መናገር…»

«ጋሼ ይንገሩን!» ሂክማ ናት።

ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ቃሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ እየተጣበቀ አስቸገረው። «መጣች። ሰልማ መጣች። የሙሽራ ልብሷን እየለካች ነው። ነጭ ነው… ደህና አልተተኮሰም፣ ጀርባው ተጨማዷል።»

«ኧረ እሱን ተውት! አባትየውስ?»

«እሱ ውጭ ነው። በመስኮት ያያታል። መቀስ ይዟል። አሁን መቀሱን አስቀመጠ። ወደ በሩ እየሄደ ነው…»

«ገባ?»

«ቆሟል።»

«አይገባም እንዴ ይሄ ሰውዬ!» አለ ኢዘዲን። «ጋሽ ሃብቴ፣ አንተ ግን የት ተደብቀህ ነበር? ጋዜጠኛ ነህ እኮ!»

ሳቁ። ሃብተአብም ሳቀ። ከዚያ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመ፤ የማያምር ነገር እንዳያመልጠው፣ የሚያምርም እንዳያመልጠው። የአትክልተኛውን ላብ፣ የበሩን እጀታ፣ ሰልማ ዘወር ስትል የፊቷን አኳኋን አንድ በአንድ ተናገረ። እዚያ ማዶ፣ ከተማው ጫፍ ላይ፣ ሦስት ሰዎች ትንፋሻቸውን ይዘው በእሱ ዓይን እያዩ ነበር።

«እጁን አነሣ… አንኳኳ! ሰልማ ‹ማነው?› አለች። ሰውዬው…»

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሁን ካርድ አልታወቀም። «ሄሎ? ረውዳ? ሄሎ?» አለ። መልሶ ደወለ፤ አልገባም። ክፍሉ ውስጥ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ብቻ ቀረ። ማዶ ያለው ቤት ባዶ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ማንም አያስልበትም።

ግን የሰልማ በር እየተከፈተ ነበር። ሃብተአብ ስልኩን በአንድ እጁ እንደያዘ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ሽማግሌው ያለውን፣ ልጅቱ የመለሰችለትን፣ መጀመሪያ ማን እንዳለቀሰ፣ ቃል በቃል በከንፈሩ እየደገመ፣ እንዳይጠፋበት ለነገ ይይዝላቸው ጀመር።