ባዶ መቅረት የነበረባቸው አራት መስመሮች

ያላያችሁትን ነገር እንዳያችሁ አድርጋችሁ ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ ቅዳሜ አራት መስመር ጽፌያለሁ።

ኦክላንድ በሚገኝ የዱር እንስሳት ማቆያ በአስተማሪነት የተቀጠርኩ ዕለት፣ ዋናዋ ተንከባካቢ ካርላ ቅጽ፣ እርሳስና የእጅ ሰዓት ሰጠችኝ። ጎብኚ ከማስተማር ሌላ ሳሪ የምትባለውን የሱማትራ ታይገር፣ ባለ ሰንበሯን የእስያ ነብር፣ እከታተላለሁ። በየአምስት ደቂቃው የምታደርገውን በአንድ መስመር እጽፋለሁ።

«ካላየህ ባዶ ተወው» አለችኝ ካርላ። «ባዶውም ይነግረኛል።»

ምክንያቱን ላስረዳ። የሱማትራ ታይገር ዛሬ በሕይወት ካሉት ታይገሮች በአካል ትንሹ ነው። ጫካው እየተመነጠረ፣ እሱም እየታደነ ጥቂት ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ በማቆያ ያሉት እንዲወልዱ ይፈለጋል። ነገር ግን ብቻውን የሚኖር አውሬ ነው። ሴቷ ወንዱን የምትቀበለው ለጥቂት ቀናት ነው፤ በሌላ ጊዜ በመካከላቸው ያለው በር ቢከፈት ሊገዳደሉ ይችላሉ። ቀኑ የሚታወቀው በምልክት ነው፤ ትንከባለላለች፣ ፊቷን አጥሩ ላይ ታሻለች፣ በአፍንጫዋ ፍርር የሚል ድምፅ ታሰማለች።

የሳሪ ዕድሜ እየገፋ ነበር። ከእሷ ቀጥሎ ባለው ክፍል የሚኖረው ወንዱም በወሩ መጨረሻ ወደ ሌላ ግዛት ሊወሰድ ነው። የቀራት አንድ ዕድል ነበር።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሳን ሆዜ የመጡ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ከወላጆቻቸው ጋር ሳስጎበኝ፣ ከሚልፒታስ የመጡት ጡረተኛው መሐንዲስ ጋሽ መኮንን በጥያቄ ያዙኝ። ሰዓቴ ጮኸ። ሽማግሌ እያናገረኝ እንዴት ፊቴን አዞራለሁ? ጀርባዬን ለአጥሩ ሰጥቼ ቆምኩ።

«ስማኝ ልጄ፣ ይቺ እኮ ልክ እንደ እኔ ድመት ነው የምትንከባለለው። እንዲህ ስትሆን ባል አምሯታል ማለት ነው!»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «አይ ጋሼ፣ ድመትና ታይገር ይለያያሉ» ብዬ ስለ ሰንበሯ ማስረዳት ቀጠልኩ፤ እንደ ጣት አሻራ ነው፣ የአንዷ ከሌላዋ አይመሳሰልም።

«እሺ መምህር» አሉኝ። «ድመቴን ግን እኔ ነኝ የማውቃት።»

ጀርባዬን አልሰጠኋቸውም፤ ጆሮዬንም አልሰጠኋቸውም።

ሃያ ደቂቃ አልፎ ስዞር ሳሪ ተኝታለች። ባዶ መተው አሳፈረኝ። በአራቱም መስመር «ተኝታለች» ብዬ ሞላሁ።

ከሳምንት በኋላ የእዳሪዋ ምርመራ ውጤት ከላብራቶሪ መጣ። ወንዱን የምትቀበልበት ቀን ያ ቅዳሜ ነበር፤ አልፏል። ካርላ ቅጹን ይዛ መጣች።

«ያን ቅዳሜ ጠዋት የሚከታተላት ሌላው ሠራተኛ ምልክት አይቶ ነበር። ያንተም ቅጽ ቢደግመው ኖሮ በሩን ልከፍት ነበር። በእርግጥ ተኝታ ነበር?»

«አላየሁም» አልኳት።

«ባዶ ብትተወው ኖሮ ራሴ ወርጄ አያት ነበር።»

ወንዱን በመኪና ወሰዱት። ሳሪ ለብዙ ቀን ባዶ ክፍሉ አጠገብ እየቆመች ፍርር ትል ነበር። ይህን በትክክል ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ አልወለደችም።

ያላዩት ነገር ቦታው ባዶ ነው። ከዚህ ሥራ የተማርኩት ይኸው ነው።

ቤታችሁ ድመት ካለች ዛሬ ሃያ ደቂቃ ተቀመጡና በየደቂቃው የምታደርገውን ጻፉ። ስልክ ሲጠራ ወይም ሰው ሲያናግራችሁ ያመለጣችሁን መስመር አትሙሉት። እስኪ ሞክሩት።