የሚጡ ጥርስ

የድመት ጥርስ ማጠብ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሞክሬ እጄ ተቦጫጭሯል። የልጄን የሊያን ድመት፣ ሚጡን፣ ዳላስ ያለ የእንስሳት ሐኪም ጋ ብንወስዳት «ጥርሷን በየቀኑ ብራሽ ካላደረጋችሁላት ቆሻሻው እንደ ድንጋይ ይጋገርባታል» አለን። ሊያ የድመት የጥርስ ሳሙና ገዝታ መታጠቢያ ቤት አስቀመጠች። ሚጡ ግን ብሩሹን ስታይ ሶፋ ሥር ትገባለች። «ዳዲ፣ ፎርስ አታድርጋት፣ ፈርታለች» አለችኝ ሊያ። እኔም ተውኩት።

እናቴ ከአገር ቤት ከመጣች ገና ወሯ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ድምጿን ከመታጠቢያ ቤት ሰማሁ።

«ክፈቺ የኔ እመቤት፣ ትንሽ ነው የቀረሽ።»

ብቅ ስል ሚጡ ሲንኩ ላይ ቁጭ ብላ አፏን ከፍታለች። እናቴ በጣቷ ቀስ እያለች ጥርሷን ታሽላታለች።

«እማዬ፣ እንዴት እሺ አለችሽ?»

«መጀመሪያ እኔ ጥርሴን ስታጠብ ቁጭ ብላ ታየኛለች፤ ከዚያ ተራው የሷ ነው» አለች። «ሳሙናችሁም ግሩም ነው። ግን ጾሙ ፈተነኝ መሰለኝ ልጄ፣ ስታጠብበት አፌን ዶሮ ዶሮ ይለኛል።»

ሳሙናውን ከእጇ ተቀብዬ አየሁት። የዶሮ ጣዕም ያለው የሚጡ ሳሙና ነው።

«ውይ እማዬ! የድመት ሥዕል አለበት እኮ፤ አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ እንጂ!» አለች፣ የሚጡን ጭንቅላት እየዳበሰች። «ታዲያ ሥዕሏን ለጥፈውላት ብቻዬን ልታጠብበት? ነውር አይደለም እንዴ!»