ዝምታዬን እሺታ ያደረጉብኝ ቀን

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ቁርአን ግን እስከ መጨረሻው አንብቤ አኽትሜያለሁ። ከሚሴ ቤታችን በረንዳ ላይ የጎረቤት ሴት ልጆችን ቁርአን እያስነበብኩ አስቀራ ነበር። አዋቂ ሲያናግረኝ አንገቴን እደፋለሁ። ከልጆቹ ጋር ስሆን ግን ድምፄ እስከ አስፋልቱ ይሰማል ይሉኛል።

ውጭ አገር የምትኖር አንዲት የከሚሴ ልጅ ለዒድ መጥታ ጎረቤታችን አርፋ ነበር። ሳስቀራ ስታየኝ ሰነበተችና ሥራ አቀረበችልኝ፤ በሳምንት ጥቂት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ሴት ልጆቿን በኢንተርኔት እንዳስቀራላት። "እዚያ የምታስቀራ ሴት አጣሁ" አለችኝ። ለዚሁ ብላ ስልክ ትታልኝ ሄደች፤ መልሴን ስወስን እንድደውልላት።

ሥራውን ወድጄዋለሁ፤ ግን ፈራሁ። ፊቴን ስልኩ ላይ ማን ያየው ይሆን? የኔ ትምህርትስ ይበቃል? ሳመነታ አባቴ ነገሩን ሽማግሌዎች ቤታችን ተሰብስበው ለሚያደርጉት የሐሙስ ዱአ አቀረበው።

ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ይዘው ሳሎን ተቀምጠዋል፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ።

"ወንድሟ አለ አይደል?" አለ አንዱ። "አስራ ሁለተኛ ጨርሷል፤ ኢንተርኔቱንም ያውቃል። እሱ ይያዘው።"

"እሷ እኮ ሱቅ ሄዳ ስኳር መጠየቅ ታፍራለች" አለ ወንድሜ። "ባሕር ማዶ ልታስተምር ነው?" ሁሉም ሳቁ።

ዱአውን የሚመሩት ሼህ ወደ መጋረጃው ዞሩ። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሥራውን ለወንድምሽ ብትተዪለት ምን ትያለሽ?"

ፊቴ ጋለ፤ ምላሴ ተሳሰረ።

"ቶሌ ብላለች" አሉ ሼሁ። "ልጃገረድ ዝም ካለች ተስማምታለች።" አሚን ተባለ፤ አለቀ።

እኛ ዘንድ ልጃገረድ ለጋብቻ ስትጠየቅ ዝም ካለች እሺ እንዳለች ይቆጠራል። አፍራ ነው ይባልላታል፤ ደግ። እኔን ግን ማን ለኒካህ ጠየቀኝ? የተጠየቅኩት እንጀራዬን እንድሰጥ ነው!

ጠዋት አባቴን ግቢ ውስጥ አገኘሁት። "አባዬ፣ እኔ ቶሌ አላልኩም።"

"ዱአ ተደርጎበታል፣ ልጄ።"

"እኔ ባላልኩት ነገር ላይ ነዋ የተደረገው! ሴትየዋ ለሴት ልጆቿ ሴት ነው የፈለገችው። እሱ የቁርአኑን መክፈቻ፣ ፋቲሐን እንኳ ሳይሳሳት አይጨርስም።"

"ዛሬ ደግሞ ምላስ አወጣች!" አለ ወንድሜ ከቤት ውስጥ።

"ታዲያ ማታ ለምን አልተናገርሽም?" አለ አባቴ።

ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ይህ ነው። ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት አትናገርም ብሎ ያሳደገኝ ማን ሆነና? ብናገር ባለጌ፤ ዝም ብል ተስማማች። የትኛውን በር ነው ክፍት የተዉልኝ? ይህንኑ ነገርኩት፤ እየጮኽኩ።

"እኔ የሼሁን ቃል አላፈርስም" አለ አባቴ። "ከፈለግሽ ራስሽ ንገሪያቸው።"

እንደማልሄድ ገምቶ ይመስለኛል። ሄድኩ። ሼሁ መስጊዱ በር ላይ ከሽማግሌዎች ጋር ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ "ማታ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው፤ ሥራዬን ለማንም አልሰጥም" አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"እንግዲያ አላህ ያግራልሽ" አሉ ሼሁ፤ ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል። ተሳስተናል የሚል አንድም ሰው አልነበረም።

ቤት ገብቼ ስልኩን ከወንድሜ እጅ ላይ ወሰድኩና ደወልኩ።

"እትዬ፣ ሥራውን ተቀብያለሁ።"

"ድምፅሽ ምን ሆኗል? አሞሻል እንዴ?"

"አላመመኝም፤ ተናድጄ ነው።"

"በማን?"

"ልጆቹ አጠገብዎ ካሉ ይጥሩልኝ" አልኳት፤ "አሁኑኑ እንጀምር።"